ከመስኮት የሚጀምር አትክልት ስፍራ፦ በሮቤና በጎባ መኖሪያ ቤቶች ግቢን ከውስጥ ሆኖ ስለ መንደፍ

መግቢያ

በባሌ ደጋ ግቢ የሚታይ እንጂ ብዙ የሚቀመጡበት ቦታ አይደለም። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አካባቢው በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት ስላለው ገበሬው ሁለት ጊዜ ያርሳል። በዝናቡ ወራት ከቀትር በኋላ የሚከብደው ደመናና ዝናብ፣ በበጋው ወራት ደግሞ የሌሊቱና የማለዳው ውርጭ ነዋሪውን ወደ ቤቱ ይመልሱታል። በአዋሽ ሸለቆ ወይም በድሬዳዋ ቤተሰብ ከዛፍ ጥላ ሥር ሲያመሽ፣ በጎባ ያው ቤተሰብ ምሽቱን በር ዘግቶ ከከሰል ምድጃ ዙሪያ ያሳልፋል።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ከተሞች የሚሠሩ የመኖሪያ ግቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚታቀዱት ከውጭ በር ለሚገባ እንግዳ ዓይን ነው። አበባው ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ ይደረደራል፤ ሣሩ ከበረንዳው ሥር ይነጠፋል፤ ጽጌረዳው ከመስኮቱ ግርጌ ይተከላል። እንግዳው ይህን ሁሉ በግማሽ ደቂቃ አልፎት ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውለው ሰው ግን ከተቀመጠበት ሆኖ አንዱንም አያይም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ፣ በደጋ ከተማ የአትክልት ስፍራ ንድፍ ከውጭ በር ሳይሆን ከመቀመጫው መጀመር አለበት የሚል ነው። የሐሳቡን ምክንያትና አፈጻጸም በቀላል ልኬት፣ በፀሐይ አካሄድና በአካባቢው ተክሎች አስደግፎ ያቀርባል።

ግቢውን ከውስጥ የሚያየው ማን ነው?

ግቢን ከውስጥ ሆኖ ማየት ትርፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ጥያቄው ግን ቀኑን በቤት ውስጥ የሚያሳልፈው ማን ነው ከሚለው ሲነሣ መልኩ ይለወጣል። አራስ፣ አቅመ ደካማ አዛውንት፣ ሕመምተኛና አስታማሚ እንዲሁም የቤቱን ሥራ ተሸክማ የምትውል እናት ከሁሉ በላይ ቤት የሚውሉ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች መስኮቱ የዕለቱ ሰማይ፣ የወቅቱም ምልክት ነው።

ይህ ከስሜት ያለፈ መሠረት አለው። ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተመው ጥናት በፔንስልቬኒያ አንድ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዛግብት ያነጻጽራል። ግማሾቹ የተኙባቸው ክፍሎች መስኮት ወደ ዛፎች፣ የቀሩት ወደ ጡብ ግድግዳ የሚያሳይ ነበር። ዛፍ ሲያዩ የሰነበቱት ከሌሎቹ ቀደም ብለው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ የወሰዱትም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አነስተኛ ነበር። የጥናቱ ናሙና ትንሽ ነው፤ የተደረገውም በአንድ ሆስፒታል ብቻ ነው። ሆኖም ከመስኮት ባሻገር ያለው ነገር በክፍሉ ውስጥ ላለው ሰው ግድ እንደሚሰጠው በልኬት ካሳዩት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ በመሆኑ ከዚያ ወዲህ የሆስፒታል ንድፍ ባለሙያዎች በሰፊው ይጠቅሱታል።

በሮቤና በጎባ ሳሎኖች ግን አንድ የተለመደ አቀማመጥ ይህን ጥቅም አስቀድሞ ይዘጋዋል። ሶፋዎቹ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው በግድግዳው ዙሪያ ይሰለፋሉ፤ ፊታቸው ወደ ቴሌቪዥኑና ወደ ቡፌው ይዞራል፤ መስኮቱንም ወፍራም መጋረጃ ይሸፍነዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው የአትክልት ሥራ ዶማም ችግኝም አይፈልግም። ቢያንስ አንድ መቀመጫ፣ በተለይም የአዛውንቱ ወይም የአራሷ መቀመጫ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዲያዞር ማድረግና ቀን ቀን መጋረጃውን ወደ ጎን መሰብሰብ ነው።

ከመስኮት የሚታየውና የማይታየው

መቀመጫው ከተስተካከለ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ ከዚያ ቦታ የግቢው የትኛው ክፍል ይታያል የሚለው ነው። ለዚህ ሜትርና እርሳስ ይበቃሉ። ለምሳሌ የቤቱ ወለል ከግቢው መሬት በ30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ የመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 90፣ የላይኛው ጠርዝ 210 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ፣ አጥሩም ከመስኮቱ በ6 ሜትር የሚርቅ ቤት ይወሰድ። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 110 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ከመስኮቱ በ2 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ፣ በመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ በኩል የሚያልፈው የእይታ መስመር በየአንዳንዱ ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል።

ውጤቱ ብዙዎችን ሊያስገርም ይችላል። መስመሩ ከመስኮቱ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ከመሬት 90 ሳንቲ ሜትር፣ ከአጥሩ ዘንድ ሲደርስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል። መሬት የሚነካው 12 ሜትር ርቆ፣ ማለትም ከአጥሩ ውጭ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በዚህ ቤት ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው የግቢውን ሣር ፈጽሞ አያየውም። ከመስኮቱ ግርጌ የተተከለው ጽጌረዳም ከአንድ ሜትር በላይ ካላደገ ለቤቱ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል።

ቡና የምታፈላዋ ሴት ሁኔታ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በርጩማ ላይ ስትቀመጥ ዓይኗ ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ስለሚውል ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ይስተካከላል። ለእርሷ ከመሬት 120 ሳንቲ ሜትር በታች ያለ ነገር ሁሉ ተደብቋል፤ የሚቀርላት የአጥሩ ቆርቆሮና ሰማዩ ብቻ ነው።

የላይኛውም ወሰን እንዲሁ ይሰላል። ሶፋ ላይ ለተቀመጠው ሰው በመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ በኩል የሚያልፈው መስመር በየሜትሩ 50 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ስለዚህ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ከ90 እስከ 390 ሳንቲ ሜትር፣ በአጥሩ ዘንድ ደግሞ ከ60 እስከ 540 ሳንቲ ሜትር ያለው ከፍታ የመስኮቱ ድርሻ ነው። ከዚህ ክልል በታች ለሚተከለው አበባ የሚወጣው ገንዘብና ድካም ለመንገደኛው እንጂ ለቤቱ ሰው አይውልም። ከዚህ የሚረዝም ዛፍም ከውስጥ ሲታይ ጫፉ የተቆረጠ ግንድ ብቻ ይሆናል።

ቁጥሩ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ዘዴው ግን አንድ ነው። አንድ ሰው በመቀመጫው ይቀመጥ፤ ሌላው ረጅም ዘንግ ይዞ በግቢው ውስጥ እየተዘዋወረ ያቁም፤ የተቀመጠው የዘንጉን የትኛውን ክፍል እንደሚያይ ይናገር፤ የሚታየው ከፍታ በየቦታው በካስማ ላይ ምልክት ይደረግበት። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ የአንድ ዓመትን የተሳሳተ ተከላ ያስቀራል።

ደጃፍ፦ የመጀመሪያው መስኮት

መስኮት የሚሰውረውን መሬት በር ይገልጠዋል። ከላይ በተጠቀሰው ቤት ከተከፈተ በር በ3 ሜትር ርቀት በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ከደፉ በ1 ሜትር ርቀት ጀምሮ መሬቱን ያያል፤ በር እንደ መስኮት ወለልን የሚከልል ጠርዝ የለውምና። የቡና ረከቦት ከበር አጠገብ የመዘርጋቱ ልማድ ከብርሃኑና ከጭሱ መውጫ ባሻገር ይህንንም ጥቅም ይዟል።

ቋንቋውም ይህን ያስታውሳል። በአማርኛ «ደጅ» ማለት ከቤት ውጭ ያለው ስፍራ ነው፤ «ደጃፍ» ደግሞ የደጅ አፍ ነው። ጥንታዊው ጎጆ ቤት መስኮት አልነበረውም ወይም እጅግ ጠባብ ነበር፤ ቤቱ ብርሃንም እይታም የሚያገኘው በበሩ በኩል ነበር። ትኩስ ሣር ወይም ቄጤማ በወለል ላይ የመጎዝጎዝ ልማድም ለምለሙን ነገር ከደጅ ወደ ውስጥ የማምጣት ፍላጎት የቆየ መሆኑን ይመሰክራል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በአዲስ አበባ የተሠሩ ታላላቅ ቤቶች በእንጨት ጥልፍ ያጌጠ ሰፊ በረንዳ ሲጨምሩ በደጅና በቤት መካከል ሦስተኛ ስፍራ ተፈጠረ። በባሌ ብርድ ግን በረንዳ ብቻውን አይበቃም፤ ነዋሪው ከእርሱም ወደ ውስጥ ያፈገፍጋል።

ከዚህ የሚገኘው መመሪያ ግልጽ ነው። አጫጭሩ ተክል ከበሩ ፊት፣ ረጃጅሙ ከመስኮቱ ፊት ይሁን። ጦስኝ፣ ጤና አዳምና ዝቅ ያለው አበባ በደጃፉ እይታ ውስጥ ቢተከሉ በርጩማ ላይ ላለችው ሴት ይታያሉ፤ ለቡናው ጤና አዳም ሲፈለግም እጅ በእጅ ይቀጠፋል።

አጥርና ተራራ

ከሮቤና ከጎባ በስተ ደቡብና በስተ ምዕራብ የባሌ ተራሮች ይነሣሉ። ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። የሰነቴን አምባና የሐረናን ደን የሚያቅፈው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብዙ ሰው ከሩቅ አገር የሚመጣለት ይህ መልክዓ ምድር በእግሩ ሥር ላለው ነዋሪ ከቤቱ ሊታየው ይገባ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚጋርደው ግን ሁለት ሜትር ቆርቆሮ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የተቀመጠው ሰው ዓይን ከግቢው መሬት 140 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ አጥሩ ከዓይኑ 8 ሜትር ይርቃል። አጥሩ 2 ሜትር ከሆነ ከዓይኑ በ60 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ይህ መስመር ቢራዘም 15 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሲደርስ ከ1,100 ሜትር በላይ ወጥቷል። ስለዚህ በዚያ ርቀት ከቤቱ 1,000 ሜትር ከፍ ብሎ የሚታይ ተራራ እንኳ ሙሉ በሙሉ ይጋረዳል። አጥሩ በ20 ሳንቲ ሜትር ቢቀንስ ግን መስመሩ በ750 ሜትር ላይ ያልፍና የተራራው 250 ሜትር ጫፍ ይመለሳል።

አጥር ገመናን የሚሸፍን፣ ከሌባም የሚጠብቅ በመሆኑ ዝቅ ይበል ማለት ብቻውን ሰሚ አያገኝም። መካከለኛ መንገድ ግን አለ። በእይታው አቅጣጫ ያለውን ጥቂት ሜትር ብቻ መለየትና ቆርቆሮውን እስከ 160 ሳንቲ ሜትር አድርሶ ከዚያ በላይ ያለውን በፍርግርግ ብረት ወይም በእንጨት ርብራብ መተካት ይቻላል። 160 ሳንቲ ሜትር የአብዛኛውን አላፊ አግዳሚ ዓይን ይከለክላል፤ የተጠቀሰውን ተራራ የላይኛውን 625 ሜትር ግን ለቤቱ ሰው ያሳያል።

ይህ አሠራር በዓለም የአትክልት ጥበብ ውስጥ ስም ያለው ነው። ጃፓናውያን «ሻኬይ» ይሉታል፤ የተዋሰ ትዕይንት ማለት ነው። በኪዮቶ ከተማ በኤንጹጂ ቤተ መቅደስ ወለል ላይ የተቀመጠ ጎብኚ ዝቅ ተደርጎ ከተከረከመው የቅጠል አጥር በላይ በዛፎቹ ግንዶች መካከል የሂኤይን ተራራ ያያል፤ ሩቁ ተራራ የግቢው አካል ይመስላል። በሺማኔ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1970 የተከፈተው የአዳቺ ሙዚየም ደግሞ የአትክልት ስፍራውን ጎብኚው እንዲረግጠው ሳይሆን ከሕንፃው ውስጥ በመስኮቶቹ በኩል እንደ ሥዕል እንዲያየው አድርጎታል። ትምህርቱ የጃፓንን ድንጋይና ጥድ መቅዳት አይደለም፤ የራስን ተራራ ወደ ራስ ቤት መጥራት ነው።

ፀሐይ፣ ወቅትና ሰዓት

ሮቤና ጎባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት ማብቂያና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ፣ ቀጥታ ከአናት በላይ ትቆማለች። ከመስከረም እስከ መጋቢት አጋማሽ በደቡብ፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በደቡብ ሰማይ ላይ 60 ዲግሪ ገደማ፣ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ በሰሜን ሰማይ ላይ 74 ዲግሪ ገደማ ትወጣለች።

ይህ ለመስኮት እይታ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ በበጋው ወራት በሰሜን መስኮት በኩል የሚታይ ተክል የፀሐይ ብርሃን ፊቱ ላይ ስለሚያርፍ የአበባው ቀለም ጎልቶ ይታያል። በደቡብ መስኮት በኩል የሚታየው ደግሞ ብርሃኑ ከኋላው ስለሚመጣ ቅጠሉን ሰንጥቆ ያበራዋል። ስለዚህ ባለ ደማቅ አበባ ተክል ለሰሜኑ፣ ባለ ስስ ቅጠልና ባለ ላባ ሣር ለደቡቡ ይስማማል። በክረምቱ ወራት ይህ ይገለበጣል። ሁለተኛ፣ ከውርጭ ሌሊት በኋላ ቤቱን የሚያሞቀው በምሥራቅ መስኮት የሚገባው የማለዳ ፀሐይ ነው። ያን መስኮት በጥቅጥቅ ዛፍ መጋረድ ለዓይን ሲሉ ሙቀትን ማጣት ይሆናል። በምሥራቅ በኩል ከመስኮቱ ጠርዝ ጥቂት ብቻ የሚበልጡ ቁጥቋጦዎች ይበቃሉ፤ ዛፍ አስፈላጊ ከሆነም ወደ ጎን ፈቀቅ ይበል።

ሰዓትም ይቆጠራል። በዚህ ኬክሮስ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል፤ ስለዚህ ቀን በሥራ የሚውል ሰው ግቢውን የሚያገኘው በማለዳና ሊመሽ ሲል ብቻ ነው። በምሽት ብርሃን ቀዩ አበባ ቀድሞ ይጠቁራል፤ ነጩ እስከ መጨረሻው ይታያል። ነጭ አበባ በምሽቱ መቀመጫ አቅጣጫ ቢተከል የቤቱ ሰው ቢያንስ ጥቂት ደቂቃ ያተርፋል።

ለደጋው የሚስማሙ ተክሎች

በከተሞቹ የሚገነቡ አዳዲስ ግቢዎች ብዙውን ጊዜ የሚተክሉት የፈረንጅ ጥድ ነው። ፈጥኖ ያድጋል፤ ካልተከረከመ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ መስኮቱን ይዘጋል። የባሌ ደጋ ግን ብርዱን የለመዱ የራሱ ተክሎች አሉት፤ ለመስኮቱ የሚመቹትም ጥቂት አይደሉም።

አምጃ፣ በኦሮምኛ ጋራምባ፣ በተራራው ላይ ከፍ ባለው የቁጥቋጦ ቀበቶ የሚበቅል ነው። ቢጫ አበባው ትልልቅ ነው፤ ቅጠሉም በበጋ አይረግፍም። በቁጥቋጦነት ሊከረከም ወይም ትንሽ ዛፍ ሊሆን ስለሚችል ከመስኮቱ በ3 ሜትር ርቀት ላለው ክልል ተስማሚ ነው። ራስ ክምር ብርቱካናማ አበባውን በግንዱ ዙሪያ በየደረጃው እንደ ኳስ ይከምራል፤ ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚያድግም ከመስኮቱ ጠርዝ አልፎ ይታያል። ሳይንሳዊ ስሙ ኒፎፊያ ፎሊዮሳ የሆነው የኢትዮጵያ ብርቅዬ ተክል ደግሞ አበባውን እንደ ችቦ በቀጥ ያለ ዘንግ ላይ ያቆማል። ሁለቱንም የአበባ ማር የሚቀስሙ ወፎች ይጎበኟቸዋል። ከመስኮት ለሚመለከት ሰው ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ አበባ ባለበት ይቆማል፣ ወፍ ግን ትዕይንቱን ያንቀሳቅሰዋል።

ለአጥሩ ቀጋና ጠምበለል አሉ። ቀጋ የኢትዮጵያ የዱር ጽጌረዳ ነው፤ አበባው ነጭና መዓዛ ያለው፣ ፍሬው የሚበላ፣ እሾሁም አጥሩን የሚያጠናክር ነው። ጠምበለልም ነጭ አበባውና ሽታው ለምሽቱ የተመቹ ናቸው። ሁለቱም በተለይ በፍርግርጉ ግራና ቀኝ ላይ ቢወጡ የተራራውን እይታ እንደ ሥዕል ክፈፍ ያቅፉታል።

ወይራና የሐበሻ ጥድ በዝግታ ያድጋሉ፤ ለትውልድ የሚተከሉም ናቸው። ቦታቸው የመስኮቱ መሐል ሳይሆን የእይታው ዳር ነው። ኮሶ፣ በኦሮምኛ ሄጦ፣ በዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ ካለው ደን ዋና ዛፎች አንዱ ነው፤ የተላጠ ቀይ ቡናማ ቅርፊቱና የተንዠረገገው አበባው ከሩቅ ያምራሉ። ነገር ግን እስከ 20 ሜትር ስለሚደርስ ለጠባብ ግቢ አይሆንም። ተገቢ ስፍራው ሰፊ ግቢ ያላቸው ተቋማት ናቸው፤ በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል ወይም እንደ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ባለ ሰፊ ቅጥር ከክፍሎቹ መስኮት ርቆ ሲተከል ከነሙሉ ቁመቱ ይታያል።

ውርጭ የሚፈሩ ተክሎች ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ሲሆኑ ይሻላቸዋል፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለግሳቸዋልና። ከመስኮቱ ግርጌ ግን እንደማይታዩ ከላይ ተመልክቷል። መፍትሔው በመሬት ላይ መትከሉን ትቶ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ በሚቀመጥ ወይም ከጣሪያው ክፈፍ በሚንጠለጠል ዕቃ መትከል ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው አሠራር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቅደም ተከተሉ ግን ከተለመደው የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ መቀመጫው ይዞራል፤ ቀጥሎ ከዚያ የሚታየው ክልል በዘንግ ይለካል፤ ከዚያ የአጥሩ ጥቂት ሜትር ለተራራው ይከፈታል፤ ተክሉ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እርሱም በቁመቱ፣ በወቅቱና በብርሃኑ አቅጣጫ ተመርጦ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የመስኮቱን የታችኛውን ጠርዝ ከ90 ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግን ከአናጺውና ከግንበኛው ጋር ሊመክርበት ይገባል። በምሳሌው ቤት ይህ ለውጥ መሬት የሚታይበትን ርቀት ከ12 ሜትር ወደ 4 ሜትር ገደማ ያወርደዋል፤ ሣሩና ዝቅተኛው አበባ ከአጥሩ በፊት ይታያሉ ማለት ነው። ሕፃናት ባሉበት ቤት በዚያ ዝቅታ ላይ መከላከያ ብረት ያስፈልጋል።

ግቢ የቤቱ ባለቤት ክብር መግለጫ ሆኖ ለእንግዳ መታየቱ አይቀርም። እንግዳ ግን ይሄዳል። አራሷ፣ አዛውንቱና ሕመምተኛው በመስኮቱ ፊት ይቀራሉ፤ የአትክልት ስፍራው ልኬትም ከእነርሱ ዓይን ሊነሣ ይገባል።